ከምላጩ በፊት፣ ከምላጩም በኋላ

በ1847 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡ በሁለት ወራቸው ገደማ፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ካህናቶቻችን ማዕዶት በሚሉት ሰኞ፣ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ሴቫስቶፖል በምትባለው በጥቁር ባሕር ዳር ባለች፣ ያን ጊዜ የሩሲያ በነበረች ከተማ ላይ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መድፎች በአንድነት አፋቸውን ከፈቱ። ሩሲያውያን ፋሲካን ከእኛ ጋራ በአንድ ቀን የሚያከብሩ ናቸውና፣ ትናንት «ክርስቶስ ተንሥአ» እየተባባለ የጾም መፍቻውን የቀመሰው ወታደር፣ ዛሬ እጁን ወይም እግሩን አጥቶ በቃሬዛ ላይ ይጫን ጀመር። ድብደባው 10 ቀን ያህል ሳይቋረጥ ቈየ።

ቁስለኞቹ ከየምሽጉ ተለቃቅመው የሚገቡበት ስፍራ ከዚያ በፊት የመኳንንት ጉባኤ አዳራሽ የነበረ፣ ወለሉ በጥርብ ሳንቃ ያጌጠ፣ በሰላሙ ዘመን ሙዚቃ የሚሰማበትና ጭፈራ የሚደረግበት ታላቅ ሕንፃ ነበር። በዚያ ከተማ በመድፈኛ መኮንንነት ያገለገለው ወጣቱ ሌዎ ቶልስቶይ ይህን አዳራሽ አይቶት በጽሑፉ ዘክሮታል። ሦስት የቀዶ ጥገና ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ሐኪሞቹ በየጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ሲቈርጡና ሲቋጥሩ፣ ደሙ በወለሉ ላይ ሲረጋ፣ በመካከላቸው ቡናማ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች፣ በሰማያዊ ጥብጣብ የተንጠለጠለ መስቀል በአንገቷ ያሰረች፣ ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ አንዲት ሴት መዓልተ ወሌሊት ትታይ ነበር። ስሟ ዬካቴሪና ባኩኒና ይባላል። አባቷ የሴንት ፒተርስበርግ አገረ ገዢ የነበሩ፣ በቤተ መንግሥት ጥላ ያደገች፣ ፈረንሳይኛና ሙዚቃ የተማረች ወይዘሮ ስትሆን፣ ቦምብ በጣራው ላይ እያለፈ የደም ሥር ማሰሪያውን ክር ለሐኪሙ ታቀብል ነበር።

የቀዶ ጥገና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ሁልጊዜ የሚነሣው የሐኪሙ ስም ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ምላጩን የያዘው እርሱ ነውና። ነገር ግን በጦር ሜዳም ሆነ በጎዳና አደጋ አካሉ የተሰበረ ሰው በሕይወት መትረፉና አለመትረፉ የሚወሰነው ምላጩ ሥጋውን በሚነካበት በዚያች አጭር ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያች ሰዓት በፊት ማን እንደ ተቀበለው፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንዳረጋጋው፣ ከዚያችም ሰዓት በኋላ ማን ትንፋሹን እንደ ቈጠረለትና ማን ፋሻውን እንደ ለወጠለት ጭምር ነው። ይህን እውነት በሥርዓት አደራጅተው በተግባር ከገለጡት ቦታዎች አንዲቱ ይህች የተከበበች ከተማ ናትና፣ ነገሩን ከእርሷ መጀመር መረጥሁ።

የአዳራሹ ሹም እ.ኤ.አ. በ1810 የተወለደው ታላቁ ቀዳጅ ሐኪም ኒኮላይ ፒሮጎፍ ነበር። ይህ ሰው ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1847 በዳግስታን ተራሮች፣ ሳልታ በምትባል ምሽግ ሥር፣ ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ ለብዙ ቁስለኞች በጦር ሜዳ ላይ በመስጠት ስሙን ያስጠራ ነው። ወደ ሴቫስቶፖል ሲመጣ ግን ያገኘው ሌላ ነገር ነበር፤ ቁስለኞች በጭቃ ላይ ተደርድረው፣ የሚሞተውና የሚድነው ሳይለይ፣ ሐኪሙ ጩኸት ወደ በረታበት እየሮጠ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ለመርዳት ሲል አንዱንም ሳይረዳ የሚቀርበት ሁኔታ። ከዚህ የተነሣ ፒሮጎፍ በጦርነት ጊዜ ከሕክምና ጥበብ ይልቅ ሥርዓትና አስተዳደር ቁስለኛን እንደሚያድን አምኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ይህንኑ አስተማረ። ታላቅ ሐኪም የራሱን ጥበብ ዝቅ አድርጎ የሥርዓትን ኃይል ከፍ ሲያደርግ መስማት ዛሬም ያስደንቃል።

ሥርዓቱን የሚፈጽሙለት እጆች ደግሞ ከሴንት ፒተርስበርግ መጡለት። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኒኮላይ የወንድም ሚስት የነበሩት ልዕልት ዬሌና ፓቭሎቭና፣ እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ላይ፣ ቁስለኞችን በጦር ሜዳ የሚያስታምም የእኅቶች ማኅበር ከገንዘባቸው አቋቋሙ። የማኅበሩ ስም የተወሰደው መስቀሉ ከፍ ከፍ ካለበት በዓል፣ እኛም መስከረም 17 ቀን ደመራ ደምረን ችቦ አብርተን ከምናከብረው ከበዓለ መስቀል ነው። ባላባት፣ የመኰንን መበለት፣ መነኩሲት፣ ድኻ፣ ሁሉም በአንድ ቀሚስ ሆነው ገቡበት። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ በወታደሮች መካከል፣ ያውም በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ዙሪያ ልትቆም ትችላለች ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበርና፣ የጦሩ ሹማምንት መጀመሪያ ላይ በጎሪጥ አዩአቸው። ሰው ግን በሥራው ይታወቃል። ከእነዚህ ሴቶች ውስጥ 17 ያህሉ በአገልግሎት ላይ ሳሉ፣ አብዛኞቹም በተስቦ፣ እንደ ሞቱ ይነገራል።

የእኛ አገር ሕዝብ ነርስን እስከ ዛሬ «ሲስተር» ብሎ የሚጠራው ከዚህ ዓይነቱ የምንኵስናና የማኅበር ሥርዓት የወረደ ስም ይዞ ነው። ሲስተር ማለት እኅት ማለት ነው፤ በሽተኛውን እንደ ወንድሟ የምትቈጥር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን እንደ ማዕርግ ብቻ እንጠቀምበታለን እንጂ የቃሉን ሥር አናስበውም።

ፒሮጎፍ እኅቶቹን በሦስት ወገን ከፈላቸው። አንደኞቹ ቁስል የሚያስሩ ነበሩ፤ በእኛ አገር ቀድሞ ድሬሰር ይባል የነበረውን ባለሙያ ይመስላሉ፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከሐኪሙ ጎን የሚቆሙት፣ ከዚያም በኋላ ፋሻውን የሚፈቱትና የሚያስሩት እነርሱ ናቸው። ሁለተኞቹ የመድኃኒቱን ሣጥን ይዘው የሚጠብቁ፣ የሚያድሉ፣ አጠቃቀሙንም የሚቈጣጠሩ ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ ባለቤት፣ ማለት እመቤት፣ ተብለው ምግቡን፣ አንሶላውን፣ ሻዩንና ወይኑን የሚጠብቁ ነበሩ፤ የእነርሱም ሥራ በምንም አይነት ከሌሎቹ የሚያንስ አልነበረም፤ ምክንያቱም ለቁስለኛው የተላከው ሥጋና ወይን በየግምጃ ቤቱ በሌቦች እጅ እየቀለጠ፣ እግሩ የተቈረጠ ወታደር ቀጭን ሾርባ ብቻ ሲጠጣ ይውል ነበርና። እነዚህ ሴቶች መዝገብ ይዘው በግምጃ ቤቱ በር ላይ በቆሙ ጊዜ ሌባው አፈረ፤ ሾርባውም ወፈረ። ቁስለኛው ወታደር በጉያው የያዛትን ጥቂት ገንዘብ ወደ ጠረጴዛው ከመሄዱ በፊት የሚያስቀምጠው በእኅቶቹ ዘንድ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የመታመን ምስክር እኔ አላውቅም።

ቃሬዛው አዳራሹ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነበር። ተስፋው ያለቀለት ቁስለኛ ለካህኑና ለእኅቶቹ ይሰጣል፤ ካህኑ ያናዝዘዋል፣ ያቈርበዋል፤ እኅቲቱ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ለእናቱ የሚላከውን ቃል ትሰማለች። ወዲያውኑ ካልተቈረጠ የሚሞተው ወደ ጠረጴዛው ይወጣል። ለነገ ወይም ለከነገ ወዲያ ሊቈይ የሚችለው ቁስሉ ታስሮ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ቀላል ቁስል ያለበት ታክሞ ወደ ጦሩ ይመለሳል። ይህ አሠራር ዛሬ በዓለም ሁሉ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነርሶች የሚሠሩት የመለየት ሥራ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሞት ጋራ የሚታገል ወጣት ዓይን ዓይኗን እያየ «እኔንስ?» ሲላት፣ ተራው እንደማይደርስ እያወቀች ከአጠገቡ ተቀምጣ እጁን የምትይዝ ሴት ምን ያህል ጽናት እንደሚያስፈልጋት ያየ ያውቀዋል።

ተራ የሚጠብቀው ቁስለኛ ልብ ከሥጋው ቁስል የማያንስ ሕክምና እንደሚያሻው በዚያ ዘመን የተረዱ ሁለት ሰዎች፣ መፍትሔውን በተቃራኒ መንገድ ማግኘታቸው እጅግ ያስገርመኛል። ፒሮጎፍ በሳልታ ምሽግ ሥር ሳለ፣ ሌሎቹ ቁስለኞች የጓደኛቸውን ቀዶ ጥገና ቀርበው እንዲያዩ ሆን ብሎ ይፈቅድ ነበር፤ ምክንያቱም ኤተር የሸተተው ሰው መጋዙ ዐጥንቱን ሲነካ እንኳ ሳይጮህ ማየታቸው ፍርሃታቸውን ያስወግደዋልና። በዚያው በክሪሚያ ጦርነት በእንግሊዞች ወገን፣ ከቁስጥንጥንያ ባሻገር በስኩታሪ የነበረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ደግሞ፣ 38 ረዳቶቿን አስከትላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 በደረሰች በጥቂት ቀን ውስጥ፣ መቁረጡ በሚከናወንበት ክፍል መጋረጃ እንዲቆም አደረገች፤ ነገ እግሩ የሚቈረጥ ወታደር ዛሬ ጓደኛው ከምላጩ ሥር ሲሞት ካየ የመዳን ተስፋው እንደሚመነምን ተመልክታ ነበርና። አንዱ ገለጠ፤ አንዷ ጋረደች። ሁለቱም ግን በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። በእኔ አስተያየት ከምላጩ በፊት ያለው የነርስነት ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ተለውጧል። በሴቫስቶፖል የደከመው ቁስለኛ ከቃሬዛው ወርዶ መጀመሪያ የሚያገኘው ትኩስ ሻይ ወይም ጥቂት ወይን ነበር፤ ያሞቀዋል፣ ያበረታዋል ተብሎ ነው። የዛሬዋ ነርስ ግን ወደ ቀዶ ጥገና የሚገባውን ሰው ውሃ እንኳ ትከለክለዋለች፤ በማደንዘዣው ጊዜ በሆድ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባውን እንዳይሞላው ነው። ከንፈሩ የደረቀ ወንድሙን አይቶ በድብቅ ውሃ ሊያቀምስ የሚሞክር ቤተሰብ የነርሷን ክልከላ እንደ ጭካኔ ሲቈጥረው ይታያል፤ የፍቅር ሥራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ግን ጽዋውን ራሱ ያርቀው ነበር።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። በሴቫስቶፖል ማደንዘዣው ክሎሮፎርም ነበር፤ በጨርቅ ላይ እየተንጠባጠበ በአፍንጫ ይሰጣል፤ ሲበዛ ይገድላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በእግሩ ላይ ሲሠራ ሌላ ሰው ትንፋሹንና የልቡን ትርታ መጠበቅ ነበረበት። ጓንት አልነበረም። የአፍ መሸፈኛ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከምርቀዛ የመጠበቁን ዘዴ ያሳተመው ገና ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ዛሬ አንዲት ነርስ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ተቀቅሎ የጸዳ ልብስ ለብሳ፣ መሣሪያውን ከእንፋሎት መቀቀያው አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በምትደረድርበት ቦታ፣ ያን ጊዜ አንድ ስፖንጅ ከአንዱ ቁስለኛ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ፒሮጎፍ የምርቀዛውን ሕዋስ ባያየውም አካሄዱን በዓይኑ ተከትሎ አውቆት ነበር፤ ቁስለኞች በአንድ ቤት በታጨቁ ቁጥር መግሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ተመልክቶ፣ ቁስላቸው የበሰበሰውን በተለየ ቤት አስቀመጠ፤ ከነርሱ ጋራ የሚሆኑትንም እኅቶች ለየ። ወደዚያ ቤት የምትገባዋ እኅት ሽታውንም ሞቱንም ተቀብላ ትገባ ነበር።

ከምላጩ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይረዝማል፤ ታሪክ ጸሓፊዎችም በጣም የሚያሳጥሩት ይህንኑ ነው። እግሩ የተቈረጠ ሰው ከማደንዘዣው ሲነቃ ያስመልሰዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ የሌለውን እግሩን ያሳክከዋል። በሦስተኛውና በዐራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይጀምራል። የታሰረው የደም ሥር ክር በስምንተኛው ወይም በዐሥረኛው ቀን ሲላላ፣ ደም በድንገት ፈንቅሎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሌሊት ከአጠገቡ ነቅታ የተቀመጠች ሰው ከሌለች ሐኪሙ እስኪጠራ ድረስ ነገሩ ያበቃል። ዐጥንቱ የተሰበረው ወታደር በፒሮጎፍ ዘዴ፣ በጀሶ በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሰራል፤ ይህም ብዙዎችን ከመቁረጥ አድኗል፤ ጀሶው ግን ሲያብጥበት ጣቱ እንዳይጠቁር በየሰዓቱ የሚያይለት ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የባኩኒናና የጓደኞቿ ሥራዎች ነበሩ፤ ዛሬም የነርስ ሥራዎች ናቸው።

ጳጉሜን 4 ቀን 1847 ዓ.ም.፣ ለእኛ ዘመነ ሉቃስ ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፈረንሳዮች የማላኮፍን ኰረብታ ያዙ፤ በዚያችም ሌሊት የሩሲያ ጦር ከተማዋን አቃጥሎ፣ በውሃ ላይ በተዘረጋ የእንጨት ድልድይ ወደ ሰሜን ዳር ተሻገረ። ባኩኒና ከእኅቶቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ሆና ያን ድልድይ እንደ ተሻገረች ተመዝግቧል። ሥራዋ ግን በዚያ አላበቃም። በቀጣዮቹ ወራት ቁስለኞች በጋሪ ወደ ሰሜን ሲጓጓዙ የሚያጅበውን አዲስ የእኅቶች ክፍል መርታ፣ በጭቃና በውርጭ ከነርሱ ጋራ ተጓዘች፤ በየማደሪያው ወርዳ ማን እንደ በላ፣ ማን እንዳልበላ፣ የማን ፋሻ እንደ ተፈታ፣ ማን ያለ ካፖርት እንደ ተጫነ ትመረምር ነበር። ከሐኪሙ እጅ የወጣ ቁስለኛ በጋሪ ላይ ሲሞት የቀዶ ጥገናው ድካም ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ገብቷት ነበር።

ከሴቫስቶፖል 41 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ ይህ ታሪክ ወደ አገራችን ይመጣል። በዚያ ቀን እቴጌ ጣይቱ ሴቶቹን አስተባብረው በገንቦና በእንስራ ውሃ ለተዋጊውም ለቁስለኛውም እንዲደርስ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ደም ለፈሰሰው ሰው ከውሃ የበለጠ የመጀመሪያ እርዳታ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። የተሰበረውን የሚጠግን ወጌሻ እንጂ የሕክምና ተቋም ያልነበረው ያ ጦር፣ ቁስለኞቹን በበቅሎና በሰው ትከሻ ተሸክሞ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሕክምና ቡድን ላከ፤ ኢጣልያ በምጽዋ በኩል አላሳልፍም ስላለች ቡድኑ በጅቡቲ ዞሮ፣ ሐረርን አልፎ፣ በክረምቱ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ድንኳኑን ተክሎም የዐድዋን ቁስለኞች አከመ። ከዚህ የተነሣም በአዲስ አበባ የሩሲያ ሆስፒታል ቆመ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተወለደውም ከዚህ ሥር ነው። ከፒሮጎፍ ትምህርት ቤት የወጣ ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ መንገድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዚያው ዓመት በሌላው ወገን አንድ ነገር ሆነ። ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ የማይታየውን ጨረር ያገኘው በኅዳር ወር 1895 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስድስት ወር ያህል ቈይቶ፣ በግንቦት 1896 እ.ኤ.አ.፣ በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያ ዘመቻ የተመለሱ የሁለት የኢጣልያ ወታደሮችን ክንድ በዚህ ጨረር አይቶ ጥይቱ ያለበትን ቦታ ለየ። በጦርነት የቈሰለ ሰው በራጅ ሲታይ በታሪክ የመጀመሪያው ይህ ነው። ጥይቱ የተተኰሰው ከእኛ ተራሮች ላይ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ ሌላ ጦርነት እንደማይቀር በታወቀ ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተመሠረተ። የአዲስ አበባ ወይዛዝርት በማኅበር ተሰብስበው ፋሻ ጠቀለሉ፤ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን ጭምብል ሰፉ፤ በመካከላቸውም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ሲደበደብ ሆስፒታሉ ከቦምብ አልተረፈም። ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ወንዝ ዳር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ተመታ፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ስዊድናዊ ረዳት በድብደባው ቈስሎ ሞተ፤ በድንኳኑ ውስጥ ተኝተው የነበሩ ቁስለኞችም ሞቱ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሜሊ በቆረም በኩል የጋዝ ቃጠሎ ያቈሰላቸውን ሲያክም ቈይቶ፣ በሚያዝያ 1928 መጨረሻ በአዲስ አበባ ሽብር ቁስለኛ ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ዐረፈ። ቁስሉ ታስሮ፣ ከምላጩ ወጥቶ፣ ሊድን የተኛ ሰው በአልጋው ላይ እንደገና የሚገደልበት ጦርነት ነበር።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ሲደርሱ የመረጡት ሥራ ነርስነት ሆነ። በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማናቸውም ተማሪ ወለል እየወለወሉና አልጋ እያነጠፉ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ፤ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ፣ በጦር ሜዳ የቈሰለውን የሚቀበል ሆኗል።

ዛሬ በአገራችን ወደ ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ከሚወጡት ጉዳተኞች ብዙውን የሚያመጣው መኪና ነው፤ ጥይቱም አልጠፋም። ሌሊት በስምንት ሰዓት የደረሰውን ጉዳተኛ የምትቀበለው ነርስ ስሙን ታረጋግጣለች፤ የደሙን ዓይነት ታስለያለች፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌውን ትወጋለች፤ ቀለበቱን አውልቃ ለቤተሰቡ ታስረክባለች፤ ብርድ ልብስም ትደርብለታለች። ይህን ብርድ ልብስ ማንም ቀላል ነገር አድርጎ አይየው፤ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል፤ ደሙ ሳይረጋ ሲቀር ይበልጥ ይፈስሳል፤ ይበልጥ በፈሰሰ መጠን ይበልጥ ይበርደዋል፤ ሐኪሙ ምንም ያህል ቢፈጥን ይህን ክፉ አዙሪት በምላጭ ብቻ ሊሰብረው አይችልም። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ወደ ሆድ የገባውን ጨርቅና መርፌ አንድ በአንድ ቈጥራ፣ ቍጥሩ ካልገጠመ «ዶክተር፣ አይስፉት» ለማለት የምትደፍረው እርሷ ናት። ከጠረጴዛው ሲወርድም በየ15 ደቂቃው የልቡን ትርታና የደም ግፊቱን ትመዘግባለች፤ ሽንቱን ትለካለች፤ ሕመሙን ትጠይቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ጥገና ክፍሎች ያወጣው የጥንቃቄ ዝርዝር 19 ነጥቦች ያሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ከማደንዘዣው በፊት፣ ከምላጩ በፊት፣ ከክፍሉ ከመውጣት በፊት ሦስት ጊዜ ቆም ተብሎ ጮክ ብሎ እንዲነበብ ያዝዛል። በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በሚቀጥለው ዓመት በታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ከመቶ 1.5 የነበረው ወደ 0.8 ወረደ። አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ አልተጨመረም፤ የተጨመረው የመጠየቅና የመቍጠር ሥርዓት ነው። ፒሮጎፍ ቢሰማ ባልተደነቀ ነበር።

ባኩኒና በርጅናዋ ወደ ርስቷ ወደ ገጠር ገብታ፣ ለገበሬዎች የሚሆን ትንሽ ሆስፒታል አቁማ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እስክታርፍ ድረስ ስታስታምም ኖረች። የጻፈችው ትዝታም ከሞቷ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ታተመ። በዚያ ከባድ ዘመን በሴቫስቶፖል አዳራሽ ከምላጩ በፊትና በኋላ የሆነውን ከሞላ ጎደል የምናውቀው እርሷ ብዕር ስላነሣች፣ ፒሮጎፍም በደብዳቤዎቹ ስለ እኅቶቹ ዝም ስላላለ ነው። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ፋሻ የጠቀለሉት፣ ከዚያም ወዲህ በየጦር ግንባሩ ድንኳንና በየሆስፒታሉ በሌሊት ተረኛነት ቁስለኛ የጠበቁት የእኛ ሲስተሮችና ድሬሰሮች ግን አብዛኞቹ ምንም ሳይጻፍላቸው አልፈዋል፤ ጥቂቶቹ ዛሬም በጡረታ በየቤታቸው አሉ። አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አያትህ ከእነዚህ አንዷ እንደ ሆነች ብታውቅ፣ በዚህ እሑድ ከቡናው በኋላ ወረቀትና ብዕር ይዘህ ከአጠገቧ ተቀመጥና በዚያ ሌሊት ማንን እንደ ተቀበለች፣ ምን እንዳደረገችለት፣ ማንስ ተርፎ እንደ ወጣ ጠይቃት፤ የምትነግርህንም እንደ ነገረችህ ጻፈው።